ስምንትና ስድስት፦ የአሜሪካ ግጥም የመጀመሪያ ድምፆች

በ1638 ከእንግሊዝ ወደ ማሳቹሴትስ በምትጓዝ መርከብ ላይ ጆሴ ግሎቨር የተባለ ቄስ ሕይወቱ አለፈ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቄሱ ያስጫነው የማተሚያ መሣሪያ ግን ከባለቤቱ ከኤልዛቤት ጋር ባሕሩን ተሻግሮ ካምብሪጅ በምትባል ትንሽ መንደር ተተከለ። ማተሚያውን እንዲያንቀሳቅስ የመጣው ስቲቨን ዴይ በሙያው ቁልፍ ሠሪ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1640፣ ከዚያ ማተሚያ የወጣው መጽሐፍ በእንግሊዝ የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሆነ፤ በግጥም የተተረጎመ መዝሙረ ዳዊት። 1,700 ያህል ቅጂ ታትሞ ዛሬ በሕይወት ያሉት 11 ብቻ ናቸው። ከእነሱ አንዱ በ2013 ኒውዮርክ ላይ ለጨረታ ቀርቦ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል።

ለዚህ መጽሐፍ መዘጋጀት ምክንያቱ እምነት ነው። ፒዩሪታን የሚባሉት እነዚያ ስደተኞች በጉባኤ ሊዘመር የሚገባው የእግዚአብሔር ቃል ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከእንግሊዝ ይዘውት የመጡት የመዝሙር ትርጉም ደግሞ ከዕብራይስጡ ይርቃል ብለው ተቹት። ስለዚህ ሪቻርድ ማዘር፣ ቶማስ ዌልድና ጆን ኤልየት ያሉበት የቄሶች ቡድን መቶ ሃምሳውንም መዝሙር እንደገና ተረጎመ። በመቅድሙ ላይ ከቃላት ውበት ይልቅ ለቃሉ ታማኝ መሆንን እንደመረጡ ገልጸዋል። ነገር ግን ጉባኤው በአንድ ድምፅ የሚዘምረው ስንኞቹ እኩል ሲመጠኑ ነው። አብዛኞቹን መዝሙሮች የመጠኑት በእንግሊዝ ሕዝብ ዘፈኖች ውስጥ በኖረ ልክ ነበር፤ ስምንት ቀለም፣ ስድስት ቀለም፣ ስምንት፣ ስድስት።

ይህ ልክ ምን እንደሚመስል በጆሮ ካልተሰማ አይገባም። ለማሳየት ያህል ብቻ በአማርኛ አራት ስንኝ ልግጠም፤ ቀለማቱ የሚቆጠሩት በአነባበብ ነው፦

ከባሕር ማዶ ቀረና
ያደገበት መንደር፣
ዜማው ግን አልተለየውም
በማያውቀው አገር።

አንደኛውና ሦስተኛው ስንኝ ስምንት ስምንት ቀለም ይዘዋል፤ ሁለተኛውና አራተኛው ስድስት ስድስት። ቤት የሚመቱት አጫጭሮቹ ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን ቀለም መቁጠር ብቻውን አይበቃም። በዚያ ቋንቋ ከቃሉ ቀለማት አንዱ ጠንከር ብሎ ይነሳል፣ ሌላው ይላላል፤ ገጣሚው ላላ ጠንከር፣ ላላ ጠንከር እያደረገ ሲደረድራቸው በረጅሙ ስንኝ አራት ምት፣ በአጭሩ ሦስት ምት ይወጣል። ከአጭሩ ስንኝ የጎደለው አራተኛው ምት ዝምታ ሆኖ ይቀራል። ዘማሪው የሚተነፍሰው እዚያ ላይ ነው። አንድ ሕዝብ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ይህን ልክ ያልጣለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ከሰው ሳንባ ጋር ይስማማል።

ተርጓሚዎቹ ለዚህ ልክ ብዙ ዋጋ ከፍለዋል። ቤቱ እንዲመታ ግሡ ከተለመደ ቦታው ተነስቶ ወደ ስንኙ መጨረሻ ይገፋል፤ ባለቤቱ ከድርጊቱ በኋላ ይመጣል፤ ሐሳቡ ሳያልቅ ስንኙ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የመጡ ሐያስያን መጽሐፉን ሸካራ፣ ለጆሮ የማይመች እያሉ ነቅፈውታል። እኔ ግን በዚያ ሸካራነት ውስጥ ሐቀኝነት ይታየኛል። ሰዎቹ የዕብራይስጡን ቃል ላለመጣል ሲሉ የገዛ ቋንቋቸውን አጎበጡ። ከተርጓሚዎቹ አንዱ የነበረው ኤልየት በ1663 መጽሐፍ ቅዱስን በአካባቢው ነባር ሕዝብ ቋንቋ፣ በማሳቹሴት፣ ሲያሳትም መዝሙሮቹን እንደገና በግጥም አቀረበ። የዚያ ቋንቋ ቃላት እጅግ ረጃጅም በመሆናቸው አንዳንዴ አንድ ቃል ብቻውን ስንኙን ሊሞላው ይደርሳል።

መጽሐፉ እስከ 1698 እትም ድረስ የዜማ ምልክት አልነበረውም። ዜማው በቃል ይታወቅ ነበር። መጽሐፍ የሌለው ወይም ማንበብ የማይችል በበዛበት ጉባኤ አንድ ዲያቆን ተነስቶ ስንኙን ያነብባል፣ ሕዝቡ ተቀብሎ ይዘምራል፤ ደግሞ ቀጣዩን ያነብባል፣ ይቀበሉታል። ግጥም በዚያች ምድር ለብዙኃኑ የደረሰው እንዲህ ስንኝ በስንኝ እየተቆረሰ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ስንኝ ለብቻው ቆሞ እንዲያዝ የግድ ነበር።

በዚሁ ዘመን በዚያው ቅኝ ግዛት አንዲት ሴት ከዚህ ፍጹም የተለየ ግጥም ትጽፍ ነበር። አን ብራድስትሪት በ1612 እንግሊዝ ውስጥ ተወልዳ፣ አባቷ ያስተዳድሩት በነበረው የአንድ መስፍን ቤት መጻሕፍት መካከል አደገች። በ1630 አርቤላ በተባለችው መርከብ ከባሏና ከአባቷ ጋር አሜሪካ ስትደርስ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ነበረች። ስምንት ልጆች ወለደች። የእህቷ ባል ጆን ውድብሪጅ ግጥሞቿን ለንደን ወስዶ በ1650 ሳያስፈቅዳት በመጽሐፍ አሳተማቸው። የዚያ መጽሐፍ ረጃጅም ግጥሞች አሥር አሥር ቀለም ባላቸው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ቤት በሚመቱ ስንኞች የተጻፉ ናቸው። ስለ አራቱ ባሕርያትና ስለ ጥንት ነገሥታት ያወራሉ፤ ዱ ባርታስ የተባለው ፈረንሳዊ ገጣሚ በእንግሊዝኛ ትርጉም ያሳደረባት ተጽዕኖ በግልጽ ይታያል። እውቀቷ ይደነቃል፤ ድምፁ ግን የራሷ አይመስልም።

የራሷ ድምፅ የሚሰማው ለሕዝብ ባልጻፈቻቸው ግጥሞች ነው። ለባሏ በጻፈችው አጭር የፍቅር ግጥም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስንኞች በአንድ ዓይነት ቃላት ይጀምራሉ። ድግግሞሹ በሦስተኛው ላይ ሲደርስ ክርክር መሆኑ ቀርቶ መሐላ ይሆናል። መጽሐፏን እንደ ልጅ አድርጋ በምትናገርበት ግጥም ደግሞ ኅብረ ቃል አለ፤ በእንግሊዝኛ የግጥም ምጣኔ መለኪያና የሰው እግር በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፣ የልጇን እግር ለማስተካከል ስትጎትት የስንኙን ምት ማረሟ ነው። ሐምሌ 10 ቀን 1666 ሌሊት ቤቷ ተቃጠለ። ስለዚያ ሌሊት ስትጽፍ አሥሩን ቀለም ትታ ወደ ስምንት ወረደች። ስንኞቹ አጠሩ፣ ጌጡ ቀረ፤ የነበረ ሳጥን፣ የነበረ ጠረጴዛ፣ እንግዳ የማይቀመጥበት ቦታ እየቆጠረች ትሄዳለች። የምትቆጥረው በአሉታ ነው፤ ከእንግዲህ አይኖርም፣ አይሰማም እያለች። ይህ የአሉታ ድግግሞሽ ከሙሾ ጋር ቅርብ ነው፤ አልቃሽ የሌለበት ሙሾ።

በ1662 ግን የሕዝቡን ጆሮ የያዘው ሌላ መጽሐፍ ነበር። ማይክል ዊግልስወርዝ የሞልደን ቄስ ነው፤ ሕመም ለዓመታት ከመስበኪያው ስላራቀው በግጥም ሰበከ። የፍርድ ቀንን የሚተርከው ግጥሙ 224 አርኬዎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው ስምንት ስንኝ። ልኩ ያው ስምንትና ስድስት ነው። ዊግልስወርዝ የጨመረበት ነገር ስምንቱን ቀለም መካከሉ ላይ ከፍሎ ሁለቱን ግማሾች እርስ በርስ ቤት ማስመታቱ ነው። ስለዚህ አድማጩ በአራት በአራት ቀለም አንድ ቤት ያገኛል፣ ከዚያም ስድስቱ ሌላውን ቤት ይዞ ይመጣል። አንዱን ከረሳ ቀጣዩ ያስታውሰዋል። 1,800 ቅጂ በአንድ ዓመት ገደማ አለቀ፤ በዚያ ጥቂት ሕዝብ መካከል ይህ እጅግ ብዙ ነው። ልጆች ሙሉውን በቃላቸው ያዙት። ከመጀመሪያው እትም አንድም ሙሉ ቅጂ አልተረፈም፤ እየተገለጠ አልቋል። በዚያ ሩጫ በሚመስል ምት የሚነገረው ግን በሕፃንነታቸው የሞቱት ሳይቀሩ የሚፈረድባቸው ትዕይንት ነው። ምቱ ለጨዋታ ዘፈን ይስማማል፤ ቃሉ ያስፈራል። በምሽት እሳት ዳር ይህን ይደግም የነበረ ልጅ ፍርሃቱ በዜማ ውስጥ እንደገባበት አልጠራጠርም፤ ዜማም የሚያስገባውን ቶሎ አያስወጣም።

በ1690 ገደማ ቦስተን ውስጥ ቤንጃሚን ሃሪስ ያሳተመው የፊደል መማሪያ ይህንኑ መንገድ ለሕፃናት አሳጠረው። ለእያንዳንዱ ፊደል ትንሽ ሥዕልና ጥንድ አጭር ስንኝ ተሰጠው። የመጀመሪያው ፊደል ከአዳም ውድቀት ይጀምራል። ፊደል የቆጠረው ትውልድ ሁሉ ቤት መምታትን ከማንበብ ጋር አብሮ ተማረ።

ኤድዋርድ ቴይለር ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ በዌስትፊልድ፣ በቅኝ ግዛቱ ጠረፍ፣ ለብቻው ይጽፍ ነበር። እንግሊዝ ሌስተርሻየር ውስጥ ተወልዶ በ1668 ወደ አሜሪካ መጣ፤ ሃርቫርድ ተምሮ በ1671 ወደ ዌስትፊልድ ሄደ፣ በ1729 እስኪሞት ድረስም እዚያው ነበር። ከ1682 እስከ 1725 ለቅዱስ ቁርባን ሲዘጋጅ ከሁለት መቶ በላይ የጸሎት ግጥሞች ጻፈ፣ ሁሉም ባለ ስድስት ስንኝ አርኬ። ቤታቸው ባለ ስድስት ስንኙን በአራትና በሁለት ይከፍላል፤ አራቱ ይጨነቃሉ፣ ሁለቱ ይለምናሉ። ቴይለር አንድን ሥርወ ቃል ስም፣ ግሥና ቅጽል አድርጎ በአንድ ስንኝ ውስጥ ደጋግሞ ያመላልሰዋል፤ በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትን ይደረድራል፤ ጠንካራ ተነባቢዎችን ይደራርባል። በአንዱ ግጥም ራሱን ፈትል መፍተያ አድርጎ ለእግዚአብሔር ያቀርባል፤ ከዚያ ሸማ መሥሪያ፣ ከዚያ የተሸመነውን ልብስ የሚለብስ ሰው ይሆናል። ቃላቱን ያመጣው ከማጀትና ከገበሬ አፍ ነው። ግጥሞቹን ለኅትመት አላበቃቸውም። የእጅ ጽሑፉ ከትውልድ ትውልድ ተላልፎ የዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ተቀመጠ።

ቴይለር በሕይወት ሳለ የጉባኤው መዝሙር ተበላሸ የሚል ክርክር ተነሳ። ሰው የሚያውቃቸው ዜማዎች ጥቂት ቀርተው ነበር፤ እነሱንም እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነትና በራሱ ጌጥ ያወጣቸው ነበር። ቶማስ ዋልተር የተባለ ወጣት ቄስ በ1721 ባሳተመው የዜማ መማሪያ ውስጥ እሱ ራሱ በአንድ ኖታ መካከል ለመተንፈስ ሁለት ጊዜ እንደቆመ ጽፏል። የስምንትና የስድስቱ ልክ ያዘጋጀው የመተንፈሻ ቦታ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ዋልተርና ጓደኞቹ በኖታ የሚዘመርበት ትምህርት ቤት እንዲከፈት ቀሰቀሱ፤ ሽማግሌዎች ተቃወሙ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተከፋፈሉ። በዚያው ወቅት የእንግሊዛዊው የአይዛክ ዋትስ መዝሙሮች መግባት ጀመሩ። ዋትስ ልኩን አልነካም። ቋንቋውን ግን አቀና፤ ግሡን ወደ ቦታው መለሰ፣ በእያንዳንዱ ስንኝ አንድ ሐሳብ አስቀመጠ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1729 ፊላደልፊያ ላይ የዋትስን መዝሙረ ዳዊት አሳተመ።

ይህ ድምፅ በባርነት ወደ ነበሩትም ደረሰ። ሉሲ ቴሪ ከአፍሪካ ተወስዳ በዲርፊልድ የምትኖር ወጣት ነበረች። በነሐሴ 1746 በአካባቢው ስለደረሰው የነባር ሕዝቦች ጥቃት የገጠመችው ግጥም ከመቶ ዓመት በላይ በሰው አፍ ኖሮ ነው በ1850ዎቹ ለኅትመት የበቃው። ለዚያ ሁሉ ዘመን ያቆየው ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚመታው ቤት ነው። በሎንግ አይላንድ ባሪያ የነበረው ጁፒተር ሃመን ደግሞ በ1760 በገና ዕለት የገጠመው መዝሙር በአንድ ገጽ ወረቀት ታትሞ ወጣ። 88 ስንኝ ነው፣ በስምንትና ስድስት፤ መዳን የሚለውን ቃል እየደጋገመ ይመላለስበታል። ባለቤቶቹ በቤተ ክርስቲያን የሚሰሙት እንደ ጸሎት ነው። በሰንሰለት ውስጥ ያለ ሰው ያንን ቃል ደጋግሞ ሲጠራው ግን ትርጉሙ በነፍስ ብቻ የሚቆም አይመስለኝም።

በሐምሌ 1761 ፊሊስ የምትባል የባሪያ መርከብ ቦስተን ደረሰች። ከተሸጡት መካከል የፊት ጥርሶቿ የወለቁባት ልጅ ስለነበረች ሰባት ዓመት ገደማ ይሆናታል ተባለ። የገዟት ዊትሊዎች ስሟን በመርከቧ ስም ፊሊስ አሏት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ ቻለች፣ ላቲንም ተማረች። በ1770 ታዋቂው ሰባኪ ጆርጅ ዋይትፊልድ ሲሞት የጻፈችው ሙሾ ስሟን ቦስተንና ለንደን አደረሰው። መጽሐፏ በ1773 ለንደን ሲታተም ግጥሞቹ የእሷ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የአሥራ ስምንት የቦስተን ታላላቅ ሰዎች ፊርማ ታከለበት፤ ገዢው ቶማስ ሃቺንሰንና ጆን ሃንኮክ ከፈራሚዎቹ ነበሩ።

ዊትሊ ብዙውን ግጥሟን የጻፈችው በአሥር ቀለም፣ ሁለት ሁለት እየሆነ ቤት በሚመታ ስንኝ ነው። ይህን ልክ ያነጠረው እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ፖፕ ነበር። ስንኙ መካከሉ ላይ ትንሽ ያርፋል፤ ከዕረፍቱ ወዲህና ወዲያ ያሉት ግማሾች እንደ ሚዛን ይተያያሉ። ዊትሊ ስለ አፍሪካና ስለ ባርነት ስትናገር ይህን ሚዛን ትጠቀምበታለች፤ በአንድ ወገን የንቀት ቃል፣ በሌላው ወገን የሚመልሰው ቃል። ከአፍሪካ ስለመምጣቷ የጻፈችው ግጥም ስምንት ስንኝ ብቻ ሆኖ ዛሬም ያከራክራል፤ ማንን እንደምትገስጽ በመጨረሻዎቹ ስንኞች ያለው ነጠላ ሰረዝ ያሻማልና። ለሃርቫርድ ተማሪዎች በጻፈችው ግጥም ደግሞ ቤት መምታቱን ጨርሳ ተወችው፤ በዚያ ውስጥ ራሷን ኢትዮጵያዊት ብላ ትጠራለች። በዘመኑ እንግሊዝኛ ይህ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ስም ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ የሚውል ነበር፤ እሷ የተወሰደችው ከምዕራብ አፍሪካ ነው። ያም ሆኖ ባሪያ የሆነች ልጅ የታላላቆችን ልጆች በዚያ ጥንታዊ ስም ቆማ ስትመክር መስማት ልብ ይነካል። በ1784 በድህነት ሞተች፤ ሁለተኛ መጽሐፏ ሳይታተም ጠፋ። ቶማስ ጀፈርሰን ከዚያ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ገጣሚ ሊላት አልፈቀደም። ዛሬ ግጥሟን የሚያነብ ሰው ፍርዱን ለመስጠት የጀፈርሰን ፈቃድ አያስፈልገውም።

ከአሜሪካ ነጻነት በኋላ ያሉትን ዓመታት በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። በ1817 የታተመው የዊልያም ከለን ብራያንት ስለ ሞት የሚናገር ግጥም ቤት አይመታም፤ ሐሳቡ ስንኙ ሲያልቅ ሳይቆም ወደ ቀጣዩ ይፈስሳል። ኤድጋር አለን ፖ በጥር 1845 ባሳተመው የቁራው ግጥም ምቱን ገልብጦ ጠንከር ላላ አደረገው፤ ስንኙን አሥራ ስድስት ቀለም አስረዘመው፤ በመካከሉም ዊግልስወርዝ እንዳደረገው ቤት አስመታበት። በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ጽሑፍ የግጥሙን አዝማች የመረጠው በውስጡ ላሉት ድምፆች እንደሆነ አብራርቷል። ዎልት ዊትማን በ1855 ልኩንም ቤቱንም ጥሎ የመጽሐፍ ቅዱስን የስንኝ ድግግሞሽ ያዘ።

በዚያን ጊዜ አምኸርስት በምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ ኤምሊ ዲኪንሰን የተባለች ወጣት የዋትስን መዝሙሮች እየሰማች አድጋ ነበር። ከ1850ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በብዛት ስትጽፍ የያዘችው ያንኑ ስምንትና ስድስት ነው። ልኩን ሁሉም ሰው በጆሮው ስለሚያውቀው ትንሽ ስትነካው ይሰማል። ቤቱ ሊመታ ሲቃረብ ታስቀረዋለች፤ ተነባቢው ይገጥማል፣ አናባቢው ይለያል። ተስፋ የሚደረግበት ዜማ ሳይዘጋ ይቀራል። በስንኝ መካከል ረጅም ሰረዝ አስገብታ ጉባኤው የማይተነፍስበት ቦታ ላይ ታስተነፍሳለች። ከሞት በኋላ ስላለው ነገር የማትወስነው ሐሳቧ ከማይዘጋው ቤት ጋር አንድ ነው፤ የእምነቱን ዜማ ይዛ የጥርጣሬውን ድምፅ አሰማች። በሕይወት ሳለች የታተሙላት አሥር ያህል ግጥሞች ብቻ ናቸው።

በ1886 ሞተች፤ በ1890 የመጀመሪያው መጽሐፏ ወጣ። አዘጋጆቹ ሜብል ሉሚስ ቶድና ቶማስ ዌንትወርዝ ሂጊንሰን ግጥሞቹን ይወዱ ነበር፤ አንባቢ እንዳይሸሽ ብለው ግን ያልመታውን ቤት አንዳንድ ቦታ አስመቱት፣ ሰረዞቹን በነጠላ ሰረዝና በአራት ነጥብ ተኩ። የ1640ው መጽሐፍ ተርጓሚዎች ቃሉን ላለመንካት ሸካራነትን መርጠው ነበር፤ እነዚህ ሸካራነቱን ለማለስለስ ቃሉን ነኩት።

በ1937 ቶማስ ጆንሰን የተባለ ምሁር በዬል ቤተ መጻሕፍት የኤድዋርድ ቴይለርን የእጅ ጽሑፍ አገኘ፤ ገጣሚው ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አሜሪካ አንድ ትልቅ ገጣሚ አገኘች። ይኸው ሰው ወደ ዲኪንሰን ወረቀቶች ዞረ። እጅ ጽሑፎቿን እርስ በርስ እያመሳከረ፣ የቃላት አማራጮቿን ከሥር እያሰፈረ፣ በ1955 በሦስት ቅጽ 1,775 ግጥሞችን አሳተመ። በእነዚያ ቅጾች ሰረዞቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል፤ አዘጋጆች ያስመቷቸው ቤቶችም እሷ እንደተወቻቸው ሳይገጥሙ ታትመዋል።